ፍቺ በሐረር እንዴት ይሠራል? ልጁስ ከማን ጋር ያድራል?

ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ሽማግሌ ተቀምጦ ዕቃውን አካፈላቸው፣ ወረቀት ተፈራረሙ፣ ተለያዩ። ጀጎል ውስጥ አባዲር ሠፈር ያለ ሌላ ባል ደግሞ ተቆጥቶ ሦስት ጊዜ «ፈትቼሻለሁ» አለ። ኤረር ወረዳ ያለች ሚስት ልጆቿን ይዛ አባቷ ቤት ከገባች ዓመት አልፏታል። ሦስቱንም ብትጠይቋቸው «ተፋተናል» ይሏችኋል። መደበኛው ፍርድ ቤት ግን ሦስቱንም ዛሬም ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ነው የሚያያቸው። ባልየው ነገ ባጃጅ ቢገዛ ግማሹ የሚስቱ ነው፤ ሚስትየዋ ሱቅ ከፍታ ብታተርፍ ትርፉ የጋራ ነው፤ አንዳቸው ቢሞት ሌላኛው «ድርሻዬን» ብሎ ከወራሾች ጋር ይሟገታል። ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ቀለቡን ማን እንደሚሰጥ የሚያስገድድ አንድም ነገር በእጃቸው የለም።

ጋብቻን በፍቺ የማፍረስ ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ይህን ሲል ጋብቻው በሰማንያ ይሁን በቁርባን፣ በኒካህ ይሁን በባህል አይለይም። አገባቡ ሊለያይ ይችላል፤ ከፈረሰ በኋላ የሚከተለው ግን አንድ ነው። ሽማግሌ ማስታረቅ ይችላል፣ ማፋታት ግን አይችልም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚገረመው አባትና እናቱ በሽማግሌ ሲፋቱ ስላየ ነው፤ እነሱም አልተሳሳቱም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሰጠው ለዳኛ ሳይሆን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ብዙውን ጊዜ የጋብቻው ምስክር የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው ያስታርቃሉ፤ ካልሆነም ያፋታሉ፣ ንብረት ያካፍላሉ፣ ልጅ ይመድባሉ። ፍርድ ቤት የሚገባው ሽማግሌዎቹ በጉቦ ወይም በሌላ ጥፋት ሠሩ ሲባል ነው። ያ ሕግ አርባ ዓመት ሠርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ካለ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ዐዋጅ ቁጥር 213) ወጣና ሥልጣኑን ከሽማግሌዎች ወስዶ ለዳኛ ሰጠ። ሕጉ ተለወጠ፣ የሰፈሩ ልማድ ግን ገና አልተለወጠም። ሽማግሌ ያፋታቸው ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ችግሩን የሚያዩት መታወቂያቸው ላይ «ያገባ» የሚለውን ለማስቀየር ሲሄዱ ወይም ቤት ለመሸጥ ሲነሡ ነው።

ሐረር ላይ ነገሩ ከሌላው አገር ትንሽ ይወሳሰባል። ከተማው የሐረሪ ክልል መቀመጫ ነው፤ ክልሉም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ድሬዳዋ ደግሞ ፌደራላዊ አስተዳደር ስለሆነች የምትመራው በዐዋጅ 213 ነው። ወደ ሐረማያ ወይም ወደ ባቢሌ ጥቂት ብትነዱ ኦሮሚያ ናችሁ፤ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ አለ። የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ጽሕፈት ቤቶች ራሳቸው ያሉት ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ሐረር ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር» ያለ ሰው የትኛው መንግሥት ፍርድ ቤት እንደሄደ ደግማችሁ ጠይቁት። ሕጎቹ በአብዛኛው አንድ መንገድ የተከተሉ ናቸውና ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በይዘቱ ልዩነት ሳይሆን አቤቱታውን የማይመለከተው ችሎት አስገብቶ ሦስት አራት ቀጠሮ ከተመላለሰ በኋላ «ሥልጣን የለኝም» ሲባል ነው። እኔ ከዚህ በታች አካሄዱን የማስረዳው በፌደራሉ ሕግ ነው፤ አንቀጽ ለመጥቀስ የሚፈልግ የሐረር ሰው ቁጥሩን ከክልሉ ሕግ ያመሳክር።

ሌላው የሐረር ነገር ሸሪዓው ነው። ከተማዋ እስከ 1879 ዓ.ም. በአሚሮች ስትተዳደር የጋብቻና የውርስ ክርክር የሚቆረጠው በቃዲ ነበር። ከጣልያን ወረራ በኋላ የእስላም ፍርድ ቤቶች በ1936 ዓ.ም. ዐዋጅ ተደራጁ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣም አልጠፉም። አሁን ያለው መሠረታቸው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ቅድመ ሁኔታው ግን የተከራካሪዎቹ ስምምነት ነው። ባል ስለፈለገ ብቻ ወይም ቤተሰብ «እኛ ሙስሊሞች ነን» ስላለ ብቻ አይሆንም። ሁለቱም መስማማት አለባቸው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከአዲስ አበባ የመጣ የውርስ ጉዳይ ላይ ይህንኑ አጽንቷል፦ «ሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም» ያለችውን ተከራካሪ በግድ መዳኘት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ።

ስምምነቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ልብ በሉ፤ የሐረር ሴቶች በተለይ። ስለ ፌደራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበን ሰው እንደ ተስማማ ይቆጥረዋል። ዝም ማለት እሺ ማለት ነው። «አልሄድም፣ ምን ያመጣሉ» ብላ ቤቷ የተቀመጠች ሴት በሌለችበት ሊፈረድባት ይችላል። ካልፈለገች በቀጠሮው ቀን ሄዳ «እዚህ መዳኘት አልፈልግም» ማለት፣ ከተቻለም በጽሑፍ ማስገባት አለባት። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ አንዴ ተስማምቶ የገባ ሰው መሐል ላይ ፍርዱ አልጣመኝም ብሎ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ልዛወር ማለት አይችልም።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በሐረር የተለመደው የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ክፍል) ነው። በዚያ መዝሀብ ልጅ እስኪለይ ድረስ፣ ሰባት ዓመት ገደማ፣ ከእናቱ ጋር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመርጣል። እናት ሌላ ባል ካገባች ግን የማሳደግ መብቷ ይነካል። በመደበኛው ሕግ እናት ማግባቷ ብቻውን ልጅ አያስወስድም። የንብረቱ ልዩነት ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። በፊቅህ፣ ማለትም በእስልምና ሕግ፣ ባልም ሚስትም የየራሳቸው ንብረት አላቸው፤ ሚስት በፍቺ ጊዜ የምትጠይቀው ያልተከፈላትን መህር (ባል ሲያገባ የሚሰጣትን ጥሎሽ) እና ከፍቺ በኋላ የምትጠብቀውን የዒዳዋን ጊዜ ቀለብ ነው። በመደበኛው ሕግ ግን በጋብቻ ውስጥ የተፈራው የጋራ ነው፣ እኩል ይካፈላል። ሃያ ዓመት ከባሏ ጋር ነግዳ ለተፋታች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሸሪዓውን የመረጠች ሴት መርጣለች፣ መብቷ ነው፤ ግን ከመፈረሟ በፊት «የንብረቱ ጉዳይ የት ይታያል?» ብላ ትጠይቅ።

አሁን ወደ መደበኛው ችሎት እንግባ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሁለቱም ተስማምተው የሚገቡበት ነው፤ ለመፋታት መወሰናቸውን፣ ንብረቱን እንዴት እንደሚካፈሉ፣ ልጅ ከማን ጋር እንደሚሆን ጽፈው ለዳኛው ያቀርባሉ። ለምን ትፋታላችሁ ብሎ የሚያስጨንቃቸው የለም፤ ምክንያቱን መናገርም ግዴታቸው አይደለም። ሁለተኛው አንዱ ብቻ የሚያመለክትበት ነው። እዚህም ላይ የድሮው ሕግና የአሁኑ ይለያያሉ፤ በድሮው ዝሙት፣ ጥሎ መጥፋት የሚባሉ «ከባድ ምክንያቶች» መቆጠር ነበረባቸው፣ ጥፋተኛ የተባለውም በንብረቱ ይቀጣ ነበር። ዛሬ አንዱ «አልኖርም» ካለና መመለስ ካልተቻለ ጋብቻው ይፈርሳል። «ካላጠፋሁ አትፈታኝም» የሚል ባልም «አልፈርምለትም» የምትል ሚስትም ፍቺውን ማዘግየት ይችላሉ እንጂ ማስቀረት አይችሉም።

ዳኛው ወዲያው አያፋታም። ሁለቱንም አብሮም ለየብቻም ያነጋግራል፤ አንዱ ብቻ ያመለከተ እንደሆነ ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራቸው ይችላል። ሽማግሌ ሕጉ ውስጥ ያለው ቦታ ይኸው ነው፤ አስታርቆ ወይም አልታረቁም ብሎ ለፍርድ ቤቱ ይነግራል። ያም ካልሆነ ዳኛው የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ከሦስት ወር ግን አይበልጥም። ያ ካለፈና አሁንም ካልታረቁ በአንድ ወር ውስጥ ፍቺው ይወሰናል። ይህ የሕጉ ሰዓት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሰዓት ሌላ ነው፤ የሰውን ዓመት የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ፍቺው ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣው የንብረት ክርክር ነው።

በዚህ መሐል ልጁስ? ማታ የት ያድራል? የትምህርት ቤት ክፍያውን ማን ይከፍላል? ሕጉ ይህን አልረሳውም። አቤቱታው ከቀረበ ጀምሮ ዳኛው ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ንብረቱ አያያዝ ወዲያውኑ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዝዛል። ከቤቱ ማን ይውጣ የሚለውን ሲወስንም የልጆቹን ጥቅም ማየት አለበት። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው የፍቺ ሕግ ይህን ያህል የሚጠቅም፣ ይህን ያህልም ሳይጠየቅ የሚቀር ነገር የለም። ሰው ማመልከቻ ሲያጽፍ ፍቺውንና ቤቱን ብቻ ያስጽፋል፤ ልጁን ለመጨረሻው ቀጠሮ ይተወዋል። በዚህ መሐል ልጁ ስድስት ወር አያቱ ጋ ይከርማል። የመጨረሻው ቀን ሲመጣ ደግሞ አንደኛው ወገን «ልጁ እዚህ ለምዷል» ብሎ ይከራከራል፤ ዳኛውም የልጁን መልመድ ችላ ማለት አይችልም።

ዋናው ውሳኔ ሲሰጥ ዳኛው ምን ያያል? የእናትና አባትን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር ያያል፤ የልጁን ዕድሜና ጥቅም ያያል። ዝርዝሩ ይህ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉት ነገሮች ግን ከእሱ ይበልጥ ሰፈር ውስጥ ይወራሉ።

«እስከ አምስት ዓመት የእናት ነው» የሚለው ለምሳሌ ከአየር የመጣ አይደለም፤ የ1952ቱ ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ ሕፃን እስከ አምስት ዓመቱ ለእናቱ ይሰጥ ይል ነበር። የተሻሻለው ሕግ ይህን ቁጥር አላስቀመጠም። ጡት የሚጠባ ልጅ ዛሬም ብዙውን ጊዜ ከእናቱ ጋር ይቆያል፤ ይህ የሚሆነው ግን የልጁ ጥቅም እንደዚያ ስለሆነ ነው እንጂ ሕጉ ለእናት ስላደላ አይደለም። «ወንድ ልጅ የአባቱ ነው» የሚለው ደግሞ በየትኛውም ዐዋጅ ላይ የለም። «እሷ ናት ያጠፋችው፣ ልጁን አታገኝም» የሚለውም እንዲሁ። ጋብቻውን ያፈረሰው ጥፋት ለተጎዳው ወገን ካሣ ሊያስከፍል ይችላል፤ ልጅን ግን ለቅጣት አያስተላልፉትም፣ የጥፋቱ ዓይነት ልጁን ራሱን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር።

ገንዘብስ? ገቢ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ሀብታሙ ያሸንፋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ገቢ የሌላት እናት ልጇን ለማጣት የምትፈራውም፣ «ልጁን ውሰጂ፣ ቤቱን ተይልኝ» የሚል ስምምነት የምትፈርመውም በዚህ ነው። ሁለቱም አያስፈልጉም። የሌላው ወላጅ ገቢ ዞሮ በቀለብ መልክ ወደ ልጁ ይመጣል፤ ቀለብ የተፈጠረው ለዚህ ነው። በስምምነት ሲፋቱ ደግሞ ዳኛው የቀረበለትን ወረቀት እንዳለ ማጽደቅ የለበትም። የልጆቹን ደኅንነት የማያስጠብቅ ወይም አንዱን ወገን የሚጎዳ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የቀረውን ማስተካከል ይችላል። እናት በችሎቱ ፊት «ተስማምቻለሁ» ከማለቷ በፊት ይህን ብታውቅ እንዴት ጥሩ ነበር።

«የልጁ ጥቅም» የሚለው ቃል ችሎት ውስጥ እንደ ጸሎት መክፈቻ ሲደጋገም ባዶ ሊመስል ይችላል። ባዶ እንዳልሆነ ያሳየ አንድ መዝገብ አለ። የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ያየው ጉዳይ ነው። ከደቡብ ክልል የመጣ ነው፤ እናቱ የሞተችበትንና አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ አባቱ «በሕግ አሳዳሪው እኔ ነኝ» ብሎ ጠየቀ። የበታች ፍርድ ቤቶች ሕጉን ቃል በቃል አንብበው ለአባት ሰጡት፤ እናት ከሞተች አባት ነዋ። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ንና ኢትዮጵያ በ1984 ዓ.ም. የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንሥቶ ውሳኔውን ሻረ፤ ልጁን ያሳደገችው አክስት ዘንድ መቆየቱ ይሻለዋል አለ። አባትነት ብቻውን ልጅ አያስገኝም ማለት ነው። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም ሐረር ያሉትን ጨምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። የሐረር ሴት አያት ልጅ ስታሳድግ ዐሥር ዓመት ቆይታ «የአባቱ ነው፣ ስጪ» ስትባል ይህን ቁጥር ለጠበቃዋ ትንገረው።

የአሳዳጊነት ውሳኔ ከሌሎቹ ፍርዶች የሚለየው ስለማይዘጋ ነው። የንብረት ክፍፍሉ ይግባኙ ካለፈ ያለቀ ነው፤ ፍቺውም አንዴ ከተወሰነ ሊመለስ አይችልም፤ ከታረቁ እንደ አዲስ ይጋባሉ። የልጁ ነገር ግን ሁኔታው ከተለወጠ ከወላጆቹ አንዱ ወይም ጉዳዩ የሚመለከተው አካል ሲጠይቅ እንደገና ይታያል። አሳዳጊዋ እናት ታመመች፣ አባት ወደ ጅግጅጋ ተዛወረ፣ ልጁ ትምህርት አቋረጠ፣ አሳዳጊው ሌላኛውን ወላጅ እንዳያይ ከለከለው፤ ይህ ሁሉ መዝገብ ያስከፍታል። ስለዚህ «ተፈረደልኝ» ብሎ የሚፎክርም «ልጄን ለዘላለም አጣሁ» ብላ የምታለቅስም ሁለቱም ሕጉን አላወቁትም።

ልጁን የመጎብኘት መብትን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ። ብዙ ውሳኔ ላይ «አባት ልጁን በሳምንት አንድ ቀን ይጎበኛል» ተብሎ ይቀራል። የቱን ቀን? የት? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት? ማን ያመጣዋል? ይህ ያልተጻፈበት ወረቀት በየሳምንቱ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ጠብ ያስነሣል። ዳኛው ፊት እያላችሁ ዝርዝሩ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ከትምህርት ቤት በር ላይ ይረከባል፣ እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ይመልሳል፣ የክረምቱ ዕረፍት እኩል ይካፈላል፣ ተብሎ። በዓልም አትርሱ። ክርስቲያኑ ፋሲካና ገናን፣ ሙስሊሙ ሁለቱን ዒዶች ያስባል፤ ሐረር ላይ ግን ከዒዱ ሳምንት በኋላ የሚመጣው ሸዋሊድ አለ፤ ልጅ አዲስ ልብስ ለብሶ ከማን ጋር ሊያመሽ ነው? ቀልድ ይመስላል፤ በዓል ግን ፍርድ ቤት የሚያመላልስ ትልቅ ምክንያት ነው።

ቀለብ የሚቆረጠው የልጁን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም አይቶ ነው። የደመወዝ ሠራተኛ ከሆነ ቀላል ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ተቆርጦ እንዲመጣ ይታዘዛል። ሐረር ላይ ግን ስንቱ ነው ደመወዝተኛ? የጫት ነጋዴው፣ ባለ ባጃጁ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ «ገቢ የለኝም» ሲል ወረቀት የሚያወጣበት የለም። እዚህ ላይ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የባጃጁ ሊብሬ፣ ጎረቤት ምስክር ሁሉ ይጠቅማል። አምጥቶ ማሳየት የጠያቂዋ ሥራ ነው፤ ዳኛው ገበያ ወጥቶ አይጠይቅላትም። ኑሮ ሲወደድ ወይም ሰጪው ሲቸግር መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል።

አንድ የማያስታውቅ ወጥመድ አለ። በፌደራሉ ሕግ ያልተከፈለ ቀለብ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ለመኖር አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በቀር፣ የኋላው ይቀራል። «ዓመቱን ሙሉ አልሰጠኝም፣ አንዴ ልክሰሰው» ብላ የምታጠራቅም እናት የምታጣው ብዙ ነው። ሁለት ወር ካለፈ አፈጻጸም ይከፈት። አቅም እያለው ልጁን የማይቀልብ ወላጅ በወንጀል ሕጉም ይጠየቃል። ከዚህ በተረፈ ቀለብና መጎብኘት አንዱ የሌላው ዋጋ አይደሉም። «ካልከፈልክ አታየውም» አይባልም፤ «ካላሳየሽኝ አልከፍልም»ም አይባልም። ሁለቱም የልጁ መብቶች ናቸው።

ጀጎል ውስጥ ደግሞ የቤት ጉዳይ አለ። እዚያ ያለ ቤት ብዙውን ጊዜ የተወረሰ ነው፤ ከአባት፣ ከአያት። ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስና በስጦታ የመጣ ንብረት የግል ነው፤ አይካፈልም። ግን ቤቱ ተከራይቶ የመጣው የኪራይ ገንዘብ የጋራ ነው፤ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም ወደ ጋራው ይገባልና። ባል የአባቱን ቤት ሸጦ ጅንኤላ ላይ አዲስ ቢገዛስ? አዲሱ በራሱ የግል አይሆንም፤ «ይህ በግል ንብረቴ ምትክ የተገኘ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥለት ካላደረገ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ከሠርጉ በፊት እናቷ በስጦታ የሰጠቻት ወርቅ ወይም ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት በእጇ የሠራቻቸውና ይዛቸው የመጣቻቸው ስፌቶች የሚስት ናቸው። በጋብቻው ጊዜ የገዛቻቸው ግን በእሷ ስም ቢሆኑም የጋራ ናቸው። አፎቻ በሚባለው የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ውስጥ ያሉ ሴቶች ይህን ስነግራቸው የሚገርማቸው የመጨረሻው ነው።

ሐረር ብዙ ልጅ ውጭ አገር አላት። ቶሮንቶ ያለው አባት እዚያው ፍርድ ቤት ተፋትቶ የልጁን አሳዳጊነት ወረቀት በፖስታ ቢልክ ወረቀቱ ሐረር ላይ እንደ ደረሰ አይሠራም፤ የውጭ አገር ፍርድ በፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታውቆ መፈጸም አለበት። ልጅን ያለፈቃድ ይዞ ድንበር የተሻገረን ወላጅ የሚያስመልሰው የ1980ው (እ.ኤ.አ.) የሄግ ስምምነት ላይ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ልጁን ለዕረፍት ወደዚህ የምትልክም፣ ከዚህ የምታስኬድም እናት ይህን አስባ ነው ፓስፖርቱን የምትሰጠው።

ጠበቃ ማቆም የማይቻልሽ ከሆነ ብቻሽን አይደለሽም፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ በአካባቢው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የጋብቻ ወረቀት የለኝም ብለሽም አትቅሪ፤ ጎረቤት ባልና ሚስት ብሎ ያውቃችሁ እንደነበር በምስክር ይረጋገጣል። የልጆቹን የልደት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ደረሰኝና ስለ ባልሽ ገቢ ያለሽን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። ማመልከቻ ጸሐፊው ፍቺውን ብቻ ጽፎ ሊሰጥሽ ከሆነ አስቁሚው፤ የልጁ ጊዜያዊ አሳዳጊነትና ቀለብ በዚያው ወረቀት ላይ፣ በዚያው ቀን ይጠየቅ።